ጉም ውስጥ መሮጥ፦ ምልክት የሌለው የዌልስ ተራራ ውድድር እንዴት ይሮጣል?

የዌልስ ከፍተኛ ተራራ ኧር ዊዝቫ ነው፤ እንግሊዞች ስኖውደን ይሉታል። ጫፉ 1,085 ሜትር ላይ ያበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ልምምድ የሚሠራ ሯጭ የሚተነፍሰው ከዚህ እጥፍ በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ብሪታንያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሯጭ የዌልስን ተራሮች በቁጥር አይቶ ኮረብታ ቢመስሉት አይፈረድበትም። ተራሮቹ ግን በ53 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ንፋስ የሚያርፍባቸው ናቸው። ታች መንደሩ ውስጥ ፀሐይ እየወጣ ላይ ጫፉ ላይ ጉም፣ ዝናብና ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ይኖራል፤ ያውም በበጋቸው ወር። ጉሙ ሲወርድ ሠላሳ እርምጃ ማየትም ይቸግራል። ያኔ ፈጣን እግር ያለው ሰው ቶሎ ይርቃል፤ ወዴት እንደሚርቅ ካላወቀ ግን የሚርቀው ከመድረሻው ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ይህ ስፖርት ‹ፌል› ሩጫ ይባላል። ቃሉ በሰሜን እንግሊዝ ገላጣ ተራራን የሚያመለክት የቆየ ቃል ነው። በረጅሞቹና በከባዶቹ ውድድሮች ጥብጣብም ቀስትም የለም። አዘጋጆቹ ካርታ ላይ ኬላዎችን ይሰይማሉ፤ አንዱ የተራራ ጫፍ፣ ሌላው የሐይቅ ዳር፣ ሌላው ካብ ከካብ የሚገናኝበት ማዕዘን ሊሆን ይችላል። ሯጩ ኬላዎቹን በቅደም ተከተል መርገጥ አለበት። ከኬላ ኬላ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን፣ የተከለከለ ቦታ ከሌለ በቀር፣ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ከላንቤሪስ ከተማ ተነስቶ ኧር ዊዝቫ ጫፍ ደርሶ የሚመለሰው ዝነኛ ውድድር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይከተላል፤ ኬኒ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1985 በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ የጨረሰው እሱን ነው። እዚያ ኮምፓስ ኪስ ውስጥ ቢቀር ብዙም አይጎዳም። በዚያው አካባቢ የሚካሄደው ‹ፔዶል ፔሪስ› ግን ሸለቆውን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዞራል፤ ኤሊዲር ቫውርን፣ ግሊደር ቫውርን፣ ሊዌዝንና ኧር ዊዝቫን ያዳርሳል። ግሊደር ቫውር ጫፉ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ በጉም ጊዜ መውረጃውን መሳት በጣም ቀላል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ውድድር ነው።

የውድድሩን ፊደል ማንበብ

ውድድሮቹ በሁለት ፊደል ይመደባሉ። የመጀመሪያው ዳገቱን ይናገራል፦ ‹ኤ› ማለት በአማካይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 50 ሜትር ሽቅብ አለው፣ ‹ቢ› ቢያንስ 25፣ ‹ሲ› ቢያንስ 20። ሁለተኛው ርዝመቱን ነው፦ ‹ኤል› 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ‹ኤም› ከ10 እስከ 20፣ ‹ኤስ› ከ10 በታች። ‹ኤ ኤል› የተጻፈበት ውድድር እንግዲህ ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ርቀትና 1,000 ሜትር ሽቅብ አለው። አንድ ሜትር መውጣት በጊዜ 8 ሜትር ያህል ሜዳ እንደ መሮጥ ነው የሚለውን የቆየ ግምት ከያዝን፣ ያ 20 ኪሎ ሜትር በድካም ከ28 ኪሎ ሜትር ጋር ይተካከላል። ያም መሬቱ ለእግር የተመቸ ከሆነ ነው። ከፊደሎቹ ጎን ካርታ ማንበብ ግዴታ እንደሆነ ወይም የቀድሞ ልምድ እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ማስታወሻ ይኖራል። ማስታወሻው ለይስሙላ የተጻፈ ስላልሆነ ልምዱ የሌለው ሰው በአጫጭሮቹና በ‹ቢ› ምድብ ቢጀምር ይሻለዋል።

መሬቱ

ከዌልስ ተራሮች ሁሉ ሯጭን በመፈተን የሪኖግ ተራሮችን የሚያክል አላውቅም። በምዕራብ በኩል፣ በሃርሌክ ከተማ ጀርባ፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቁ የተዘረጉ ናቸው። ቁመታቸው ትንሽ ነው፤ ሪኖግ ቫውር 720 ሜትር፣ ሪኖግ ቫኽ 712፣ ከሁሉም የሚበልጠው ኧ ሌስር 756፣ ዲፉዊስ 750። ዐለታቸው የካምብሪያን ዘመን ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ በእርከን በእርከን ተሰነጣጥቆ የቆመና መኪና የሚያክል ቋጥኝ የተከመረበት ነው። በላዩ ላይ ጉልበት የሚደርስ ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ለብሷል። ሄዘር በስሜንና በባሌ ከፍታዎች የምናውቀው የአስታ ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን አጭር፣ ግንዱም እንደ ሽቦ ጠንካራ ነው።

ችግሩ ሄዘሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለውን ጉድጓድ እንደ ክዳን መሸፈኑ ነው። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፤ እግር ሲያርፍበት እስከ ጭን ይዋጣል። ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም የሚሰበረው በአብዛኛው ቁልቁል ሲሮጥ እንዲህ ባለው ቦታ ነው። መፍትሔው እግርን ከፍ አድርጎ አንስቶ፣ በዓይን በሚታይ ድንጋይ ላይ ወይም በራሱ በቁጥቋጦው ጉቶ ላይ ማሳረፍ፣ ክፍተቱን ግን አለመርገጥ ነው። እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ጎበጥ ያለ፣ እጅ ከጎን ዘርጋ ያለ ይሁን። ዓይን ከእግር ጣት ሳይሆን ከፊት ሦስትና አራት ሜትር ላይ ይቆይ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር መሄድ ነውር አይደለም፤ ብዙ ጠንካራ ሯጮች ከዚያም በታች ይሄዳሉ። በጎዳና ላይ ፍጥነትህ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ምንም አይነግርም።

ከሄዘሩ ሌላ ጓሳ የመሰለ ቡቃያው እብጥ እብጥ ያለ ሣር አለ፤ ቁርጭምጭሚትን ወደ ጎን ይጥላል። አረንቋም አለ፤ ደማቅ አረንጓዴ ሞስ (ስፖንጅ የመሰለ ዝቅተኛ ተክል) የለበሰው ከሁሉ ጥልቁ ነው፣ ቀይ ቡናማ ሣር ያለበት ብዙ ጊዜ ይረገጣል። ጫማ በአረንቋ እንዳይመዘዝ ማሰሪያውን በድርብ ቋጠሮ አጥብቀው ይሰሩ። ለጭቃ ረጅም ጥርስ ያለው ጫማ ጥሩ ነው፤ ያው ጥርስ ግን በእርጥብ ዐለት ላይ ይንሸራተታል። እዚህ ሁለቱም ስላሉ፣ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነና ጎማው ለስላሳ የሆነ ጫማ መካከለኛው ምርጫ ነው።

የቦታ ስም መንገድ ይነግራል

የዌልስ ካርታ ላይ ስሙ ራሱ መግለጫ ነው። በእኛም ‹አምባ› ሲባል አናቱ ሜዳ ዙሪያው ገደል እንደሆነ፣ ‹በር› ሲባል ማለፊያ እንደሆነ እንረዳለን። በዌልስኛ ‹ቡልኽ› በሁለት ተራሮች መካከል ያለ ማለፊያ ነው፤ ‹ድሩስ› ደግሞ ቃል በቃል በር ማለት ነው። በሪኖግ ቫውርና በሪኖግ ቫኽ መካከል ያለው ጠባብ ማለፊያ ቡልኽ ድሩስ አርዲድዊ ይባላል፤ የአርዲድዊ በር ማለት ነው። ‹ኩም› ሦስት ጎኑ በተራራ የታጠረ ሸለቆ፣ ‹ሊን› ሐይቅ፣ ‹አቮን› ወንዝ፣ ‹ናንት› ጅረት፣ ‹ክሪብ› ስለታም ሸንተረር፣ ‹ሞይል› ደግሞ ራሰ በራ፣ ክብ ጉብታ ነው። ሁለቱን በተለይ ይያዙ፦ ‹ክሎግዊን› ገደል፣ ‹ኮርስ› ረግረግ። አቋራጭ ብለው ያሰመሩት መስመር ክሎግዊን በተጻፈበት ላይ ካለፈ አቋራጭ አይደለም።

የአንዳንድ ቃላት መነሻ ድምፅ እንደ ቦታቸው ይለወጣል። ትልቅ ‹ማውር› ሲሆን ‹ቫውር› ይሆናል፣ ትንሽ ‹ባኽ› ሲሆን ‹ቫኽ› ይሆናል፤ ትርጉሙ ያው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፦ እንግሊዞች የሚቸገሩበት የ‹ቡልኽ› መጨረሻ ድምፅ ለእኛው ‹ኽ› ይቀርባል። ኬላ ላይ ያለው ሰው የአካባቢው ተወላጅ ከሆነ ስሙን አስተካክሎ መጥራት መግባባትን ያፈጥናል፤ በአደጋ ጊዜ ደግሞ ‹የት ነው ያለኸው?› ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ካርታው፣ ቤት ውስጥ

ከውድድሩ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ጠረጴዛ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያዘው በ1፡25,000 መስፈርት የተሠራው፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የብሪታንያ የካርታ መሥሪያ ቤት ካርታ ነው። በእሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 250 ሜትር፣ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። በተራራማው አካባቢ የከፍታ መስመሮቹ በየ10 ሜትሩ ያልፋሉ፤ በየ50 ሜትሩ አንዷ ደምቃ ትሰመራለች። ‹ሃርቪ› የሚባለው አሳታሚ በ1፡40,000 የሚያወጣው የተራራ ካርታ መስመሮቹ በየ15 ሜትሩ ናቸው፤ ሁለቱን አቀያይሮ የለመደ ሰው የዳገቱን መጠን በስህተት ይገምታል። ከዚያ በፊት የካርታውን ጥግ ማየት ነው።

የመስመሮቹ መቀራረብ ምን ማለት እንደሆነ በእግር ይተርጉሙት። በ1፡25,000 ካርታ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አሥር መስመር ካለ፣ 250 ሜትር ሲሄዱ 100 ሜትር ይወጣሉ፤ ይህ እጅን በጉልበት ላይ ተደግፎ የሚራመዱበት ዳገት ነው። ያው አሥር መስመር በ4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከታጨቀ 45 ዲግሪ ነው፤ ቁልቁል ሲሆን መሮጥ አይቻልም፣ ጉም ካለ ደግሞ ጨርሶ አለመቅረብ ይሻላል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ የኬላ ለኬላ ጉዞ ሁለት አማራጭ ይፈልጉና ያነጻጽሩ። ለምሳሌ ጉብታውን አቋርጦ መሄድ 1.2 ኪሎ ሜትርና 90 ሜትር ሽቅብ ቢሆን፣ 90 በ8 ሲባዛ 720 ነው፤ በጠቅላላው 1.9 ኪሎ ሜትር ሜዳ ያህል ያደክማል። ዙሪያውን መሄድ 1.7 ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሜዳ ቢሆን በወረቀት ላይ ዙሪያው ያተርፋል። ዙሪያው ግን በሄዘርና በቋጥኝ ውስጥ የጎን አካሄድ ከሆነ፣ ጉብታው ላይ ደግሞ ሣር ካለ፣ በጉብታው ማለፍ ይበልጣል። በጎን መሄድ ሌላም ጣጣ አለው፦ ሰውነት ሳያውቀው ወደ ታች ያደላል፤ 500 ሜትር ሲጓዙ ብዙ ከፍታ ጠፍቶ ይገኛል፤ ያ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ መወጣት አለበት።

ቀድሞ ሄዶ መሬቱን መለማመድ ከሁሉ ይበልጣል። በዌልስ ገላጣው ተራራ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ለእግረኛ ክፍት ነው፤ ከተራራው ግርጌ ያሉት በካብ የታጠሩ የእርሻ ማሳዎች ግን አይደሉም። አዘጋጆች ለውድድሩ ቀን ብቻ ከገበሬው ፈቃድ የሚጠይቁባቸው ቦታዎች አሉ። በልምምድ ቀን በእነዚያ ማለፍ የገበሬውን ፈቃድ ያሳጣል፣ ውድድሩንም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ በእግረኛ መብት መንገድ ወጥቶ ወደ ተራራው መግባት ነው።

እየሮጡ ማንበብ

ካርታውን የእጅ መዳፍ እስኪያክል ይጠፉት፤ የሚያስፈልገው ቀጣዩ ጉዞ ብቻ ይታይ። ሁልጊዜ ካርታው ላይ ሰሜን የሆነው በመሬቱም ወደ ሰሜን እንዲዞር አድርገው ይያዙት፤ ጽሑፉ ቢገለበጥ ምንም አይደለም። አውራ ጣት ያሉበት ቦታ ላይ ትቀመጥ፤ አንድ ነገር ባረጋገጡ ቁጥር ጣቷ ወደፊት ትሂድ። ይህ ልማድ ከሌለ ካርታውን በከፈቱ ቁጥር ዓይን እንደ አዲስ ፍለጋ ይጀምራል።

በጉም ጊዜ የሚረዱ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መሪ መስመር ነው፦ ካብ፣ አጥር፣ ጅረት፣ የሸንተረር ጠርዝ። ከሊን ሃዌል ሐይቅ በላይ ካለው ኮርቻ ጀምሮ ኧ ሌስርን አልፎ፣ በክሪብ ኧ ሪው ሸንተረር በኩል ወደ ዲፉዊስ የሚዘልቅ ትልቅ የድንጋይ ካብ አለ። ካቡን በጎን ይዞ የሚሮጥ ሰው እጁን ማየት ቢያቅተው እንኳ አይጠፋም፤ በዚህ ክፍል ላይ ኮምፓስ ትቶ መፍጠን ነው።

ሁለተኛው መግቻ ነው፤ ኬላውን ካለፉት የሚያስቆምዎ ነገር። ‹ጅረት ካገኘሁ 200 ሜትር አልፌዋለሁ ማለት ነው› ብሎ ቀድሞ መወሰን። መግቻ የሌለው ጉዞ ላይ የሚጠፋ ሰው መጥፋቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛው ሆን ብሎ ወደ አንድ ጎን መሳት ነው፤ እንግዳ ይመስላል፣ ግን ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚቆጥበው ይህ ነው። ኬላው ጅረትና ካብ የሚገናኙበት ቦታ ነው እንበል። ቀጥታ ወደ ኬላው አልመው ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ኬላው ባይታይ፣ ግራ ይሁን ቀኝ አያውቁም። ይልቅ ገና ከመነሻው 10 ዲግሪ ወደ ግራ ያልሙ። በ500 ሜትር ጉዞ 90 ሜትር ያህል ወደ ግራ ይወርዳሉ፤ ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ጥያቄ የለም፣ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብቻ ነው።

የኮምፓሱን አጠቃቀም በእጅ ልማድ እስኪሆን መደጋገም ያስፈልጋል፤ በብርድ አእምሮ ሲፈዝ የሚሠራው ልማድ ነውና። የኮምፓሱን ጠርዝ ካሉበት እስከሚሄዱበት ያጋድሙ፤ የጉዞው ቀስት ወደሚሄዱበት መጠቆሙን ይዩ። ከዚያ ክቡን ያዙሩ፣ በውስጡ ያሉት መስመሮች ከካርታው ሰሜናዊ መስመሮች ጋር ትይዩ እስኪሆኑ፣ የሰሜን ምልክቱም ወደ ካርታው ራስጌ እስኪያይ። ኮምፓሱን ከካርታው አንስተው በደረት ፊት አግድመው ይያዙና፣ ቀዩ መርፌ በቀስቱ ሳጥን ውስጥ እስኪገባ ሰውነትዎን ያዙሩ። ፊት ለፊት ያለውን አንድ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይምረጡ፣ ወደ እሱ ይሩጡ፣ እንደገና ይምረጡ። መርፌውን እያዩ መሮጥ ግን ይጥላል፣ አቅጣጫም ያስታል።

የተለመደው ስህተት ክቡን ወይም ቀስቱን በተቃራኒ አድርጎ በ180 ዲግሪ መሄድ ነው። መድኃኒቱ ኮምፓሱን ከማስተካከልዎ በፊት ‹ወደ ደቡብ ምሥራቅ ገደማ ነው የምሄደው› ብሎ መናገር ነው። ዌልስ ውስጥ በማግኔት ሰሜንና በካርታ ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት አሁን በጣም ትንሽ፣ አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለሯጭ ማስላት አያስፈልገውም። በ1 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ዲግሪ የሚያስተው 17 ሜትር ነው፤ ቋጥኝ ለማለፍ ዞር ሲሉ የሚሳቱት ከዚያ ይበልጣል። የሞባይል ስልክ ግን እውነተኛ አደጋ ነው። በውስጡ ያለው ማግኔት መርፌውን ለዘለቄታው ሊገለብጠው ይችላል፤ ቀዩ ደቡብን ያሳያል። ስልክና ኮምፓስ በተለያየ ጎን ይቀመጡ፤ ጠዋት ከመነሻው ላይ በሚታወቅ መንገድ ያመሳክሩት።

በጂ.ፒ.ኤስ. መንገድ መፈለግ በብዙ እንዲህ ባሉ ውድድሮች የተከለከለ ነው፤ የውድድሩን ደንብ ያንብቡ። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው ሰዓት ከተፈቀደ ከፍታን በማንበብ ይረዳል። በታወቀ ጫፍ ላይ ቁጥሩን ማስተካከል አይርሱ፤ የአየር ግፊት ሲወርድ ሰዓቱ ያሉበትን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ግፊቱ በወረደበት በእያንዳንዱ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት አሃድ) 8 ሜትር ያህል። ግፊት የሚወርደው ደግሞ መጥፎ አየር ሲመጣ ነው፤ ሰዓቱ የሚሳሳተው ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

አንድ ቁልቁለት በምሳሌ

ከሪኖግ ቫውር ጫፍ ወደ ቡልኽ ድሩስ አርዲድዊ መውረድን እንይ። በካርታ ላይ ማለፊያው ከጫፉ በስተደቡብ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ኮምፓስ ይዞ ቀጥታ ወደ ደቡብ የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው የተራራውን የተቆራረጠ ፊት ነው፤ ገደሉ እርከን እርከን ነው፣ ከላይ ሲያዩት የሚቀጥለው እርከን ሣር ብቻ ይመስላል፣ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ነው ቁልቁሉ የሚገለጠው። አንዱን እርከን በጭንቅ ወርዶ ሁለተኛው ላይ የተያዘ ሰው መውጣትም መውረድም ይቸግረዋል። ስለዚህ እዚህ ቀጥታ መስመር አይታሰብ። ቀድሞ በጥሩ አየር መጥቶ የሚወረድበትን ሸንተረርና ቦይ በዓይን ማየት፣ ካርታው ላይ ምልክት ማድረግ፣ በውድድሩ ቀን ደግሞ እርከኑ ጠርዝ ላይ ከመድረስ በፊት ፍጥነት መቀነስ ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዙሪያ ከገደል አናት ላይ ከሚባክን ሃያ ደቂቃ ይሻላል።

የበግ ዱካም ይህን ቁልቁለት ያበላሸዋል። በጎች ዳገቱን በጎን እየቆረጡ የሚሄዱበት ጠባብ መንገድ ለእግር ይመቻል፣ ሰው ሳያስበው ይከተለዋል። በጉ ግን የሚሄደው ወደ ሣሩ ነው። ዱካው ከኮምፓስዎ እስከተስማማ ድረስ ይጠቀሙበት፤ ሲታጠፍ ይተዉት።

መጥፋት ሲጀምር

ሯጮች ብዙ ጊዜ የሚጠፉት ኮምፓስ ባለማወቅ አይደለም። መሬቱ ከካርታው ጋር አልገጥም ሲል ካርታውን ለመሬቱ ማስገደድ ይጀምራሉ። ‹ይህ ጅረት ያ ጅረት መሆን አለበት፣ በዝናብ ስለሞላ ነው›፤ ‹ካቡ ፈርሶ ይሆናል›። ሁለተኛው ማመካኛ ከአፍ ሲወጣ ማቆም ያስፈልጋል። ሌላው የሚያጠፋው ሰው መከተል ነው። በጉም ውስጥ አሥር ሰው በሰልፍ ሲሮጥ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለው ያውቃል ብሎ ያምናል፤ የፊተኛው ደግሞ ከኋላው አሥር ሰው ስላለ ትክክል የሆነ ይመስለዋል።

ሲቆሙ ጥያቄው ይህ ነው፦ መጨረሻ በእርግጠኝነት የማውቀው ቦታ የት ነበር? ከዚያ ወዲህ ስንት ደቂቃ ሆነኝ? ወዴት ነበር የምሄደው? ወጣሁ ወይስ ወረድኩ? 12 ደቂቃ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሄደው ከሆነ ቢበዛ 1 ኪሎ ሜትር ነው የራቁት፤ ፍለጋው በዚያ ክብ ውስጥ ብቻ ይሁን። ከዚያ ኮምፓሱን ወደ ቁልቁሉ ያነጣጥሩ። ዳገቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወርድ ከሆነ ካርታው ላይ በዚያ ክብ ውስጥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወርዱ ዳገቶች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ይቀራል። ይህ ዘዴ ዓይን ምንም በማያይበት ጉም ውስጥ እንኳ ይሠራል።

መልስ ካልተገኘ ወደ መጨረሻው የታወቀ ቦታ መመለስ ነው፤ ሽቅብ ቢሆንም። ያልታወቀ ቁልቁል መውረድ በሁለት ምክንያት ይጎዳል። አንደኛ፣ ገደሉ ከላይ አይታይም። ሁለተኛ፣ የሪኖግ ተራሮች ምዕራብና ምሥራቅ ለየብቻ ናቸው። በምዕራብ ወደ ኩም ናንትኮል የወረደ ሰው ሻንጣው በምሥራቅ በኩል ካለ በእግር ተራራውን መልሶ ማቋረጥ ወይም በመኪና ረጅም ዙሪያ መሄድ አለበት።

ብርድና ዕቃ

ለረጅም ውድድር የሚጠየቀው ዕቃ በአብዛኛው ይህ ነው፦ ስፌቱ የታሸገ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ የራስ ቆብ፣ ጓንት፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካና ለክፉ ጊዜ የሚቀመጥ ምግብ። ከመነሻው ላይ ሊፈተሽ ይችላል። የክፉ ቀኑ ምግብ ከሚበሉት ለይተው ያስቀምጡት፤ መድረሻ ላይ ሳይነካ ከደረሰ ሥራውን ሠርቷል። እየሮጡ የሚበሉት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሁን፤ የራበው ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ካርታ የማንበብ ትዕግሥቱን ነው።

ጃኬት የሚለበሰው ሳይበርድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል፤ ንፋስና እርጥብ ልብስ ሲታከሉበት ግን የሰውነት ሙቀት የሚሸሸው በብዙ እጥፍ ነው። ከሸንተረሩ በታች፣ ንፋስ በማይደርስበት ቦታ አንድ ደቂቃ ቆሞ መልበስ ቀላል ነው። ሸንተረሩ ላይ ጣት ከደነዘዘ በኋላ ዚፑ አይዘጋም፣ የምግቡ መጠቅለያ አይከፈትም፣ የኮምፓሱ ክብ አይዞርም። ንግግሩ የሚጎለድፍ፣ ደጋግሞ የሚደናቀፍ፣ ‹ደህና ነኝ› እያለ መልበስ የማይፈልግ ሯጭ ካዩ የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ነው። ውድድሩን ትቶ መርዳት በዚህ ስፖርት ግዴታ ነው፦ ከንፋስ ማስጠለል፣ ከእርጥብ መሬት በዕቃ መለየት፣ ደረቅ ልብስ መደረብ፣ ጣፋጭ ማብላት፣ አንድ ሰው ወደ ቅርቡ ኬላ መላክ።

የአደጋ ምልክቱ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና መድገም ነው። መልሱ ሦስት ፊሽካ ነው። ስልክ ከሠራ 999 ወይም 112 ደውለው መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ አደጋ ሠራተኞችን ይጠይቁ። ድምፅ በማያደርስ ሞገድ ላይ አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል፤ ለዚህ ግን ስልኩ ቀድሞ መመዝገብ አለበት፦ በእንግሊዝኛ ‹ሬጂስተር› የሚለውን ቃል ወደ 999 በመልእክት መላክና የሚመጣውን መመሪያ መከተል ነው። ከቤት ሳይወጡ ያድርጉት።

ውድድሩን ያቋረጠ ሰው ወደ መኪናው ሄዶ ቢቀመጥ አዘጋጆቹ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኬላ የወጣ፣ መድረሻ ያልደረሰ ቁጥር። በጎ ፈቃደኛ የነፍስ አድን ሠራተኞች በሌሊት ገደል ለገደል ይፈልጉታል። ስለዚህ ማቋረጥዎን ለኬላ ጠባቂ ይንገሩ፤ ከዚያም በምንም መንገድ ይሁን መድረሻው ጠረጴዛ ላይ ራስዎ ቀርበው ቁጥርዎን ያስመዝግቡ። በሌላ ሸለቆ ወርደው ከሆነ፣ ስልክ ያለበት የመጀመሪያው ቤት ላይ አንኳኩተው ለአዘጋጁ ይደውሉ፤ የአዘጋጁን ቁጥር ካርታው ጀርባ ላይ በማይለቅ ቀለም ጽፎ መነሳት የቆየ ልማድ ነው። ማታ ሲታጠቡ ደግሞ ከጉልበት ጀርባና ከጭን መጋጠሚያ መዥገር ይፈልጉ። ሄዘሩ ውስጥ ይኖራል፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ከተገኘ ቆዳው አጠገብ በቀጭን ወረንጦ ይዞ፣ ሳይጨፈልቁ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ለሐኪም ማሳየት።